መልስ፦ ከማደያ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ነዳጅ ነዳጅ ሲሸት

እህቴ፣ ባሕር ዳር የተከራየሽው ግቢ ጉድጓድ ነዳጅ ይሸታል፣ ከአጥሩ ማዶ አሮጌ ማደያ አለ፣ «አፍልቼ ልጠቀምበት?» ነው ጥያቄሽ። በፍጹም! ስታፈይው ትነቱን ቤት ውስጥ ትተነፍሽዋለሽ። ለመጠጥም ለወጥም ተይው።

በባልዲ ቅጂና ላዩን እዪው። ቀስተ ደመና የመሰለ ሽፋን ካለ በስንጥር ንኪው። እንደ ቅርፊት ተሰባብሮ ከቀረ ብረት ወዳድ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ መልሶ ከተጋጠመ ነዳጅ ወይም ዘይት ነው። ሽፋን ባይኖርም ግን ሽታው ካለ አትዘናጊ፤ የሟሟው ነገር በዓይን አይታይም።

ለላብራቶሪ በሃይላንድ እንዳትወስጂ (ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው)። ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ እስከ አፉ ሙይ፣ አረፋ እንዳይቀርበት ገልብጠሽ እዪ፣ በበረዶ ያዢው። «ቢቴክስ» የሚባለውን ምርመራ ጠይቂ፤ ነዳጅ ውስጥ ያሉ አራት ኬሚካሎችን የሚለካ ነው። ከነዚያ ውስጥ ካንሰር አምጪው ቤንዚን (benzene) ነው፤ ስሙ ከነዳጁ ጋር ገጠመ እንጂ ኬሚካሉ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠለት ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው።

ማደያውን ለመክሰስ ግን ያንቺ ጉድጓድ ብቻ አይበቃም፤ ምንጩ ጋራዥም ሊሆን ይችላል። ከተማችን የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው ያለችው፣ ነዳጁ በየስንጥቁ ይሄዳል። ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ለማወቅ ቢያንስ የ3 ጉድጓድ የውሃ ከፍታ መለካት አለበት። እስከዚያው የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች የማደያውን የመሬት ውስጥ ታንከር የየዕለት ልኬትና የሽያጭ መዝገብ እንዲያመሳክሩ አመልክቺ፤ የሚያፈስ ታንከር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው።