«የማንን አካውንት እንስጥ?» ብለህ ለጠየቅከው የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ልጅ

ወንድሜ፣ 16 ልጆች ይዛችሁ የባህል ውዝዋዜ እንደምትሠሩ፣ ውጭ ያሉ የድሬ ልጆችም «ገንዘብ እንላክ፣ አካውንት ስጡን» እንዳሏችሁ ጽፈሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች «የሰብሳቢውን ስጡ፣ ምን ችግር አለው» ብለውሃል። እባክህ አትስማቸው። እኔ ሰምቼ 11 ወር ተቃጥያለሁ።

1ኛ. የማንንም ሰው አካውንት አትስጡ። የሦስት ሰው የጋራ አካውንትም ቢሆን።

እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው። 23 ልጆች ነበሩን፤ ሸጎዬና ዳንቶ የሚባሉትን የአካባቢያችንን ጭፈራዎች ይሠራሉ፣ ከፊሎቹ ሰርከስ ይሞክራሉ። አገር ቤት መጥታ ልምምዳችንን ያየች አንዲት የሰፈራችን ልጅ ወደምትኖርበት ስትመለስ ከጓደኞቿ አዋጥታ 186 ሺህ ብር ላከችልን። ኅዳር 2016 ነበር። ማኅበሩ ገና ሕጋዊ ስላልነበረ እኔ፣ አሰልጣኙና ሒሳብ ያዡ በሦስታችን ስም ከፈትን። ገንዘቡ ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም። ሌባን ፈርተን ያሰርነው ቋጠሮ እኛኑ አሰረን። ጥር ላይ ሒሳብ ያዡ ሥራ አግኝቶ ሳዑዲ ሄደ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ እስከ ዛሬ ይደውላል፤ የሄደው ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፣ ፊርማውን የማንሳት ነገር ለማናችንም ትዝ አላለንም።

ባንኩ «ይምጣ ወይም ውክልና ይላክ» አለ። ውክልና ማለት ቆንስላ ሄዶ መፈረም ነው፤ ከዚያ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ። ልጁ የሚሠራው ከጅዳ ርቆ ነው፣ ፓስፖርቱ አሠሪው እጅ ነው፣ ፈቃድ የሚያገኘው አሠሪው ደስ ሲለው ነው። ወረቀቱ እጃችን የገባው ታኅሣሥ 2017 ነው።

በመሃል ሐምሌ 2016 መጣ። የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። እኛ ሁለት ስፒከርና አንድ ሚክሰር በ140 ሺህ ተነጋግረን፣ በቀረው ልብስ ልናሰፋ ነበር። ገንዘቡ ሲወጣ ያው ዕቃ ብቻውን 235 ሺህ ሆኗል። አንድ ስፒከር ገዛን። ልብሱ ቀረ። ዓመቱን ሙሉ «መቼ ነው የሚሰፋልን?» ሲሉኝ የነበሩ ልጆች ሦስቱ ቡድኑን ትተው ሄዱ፤ አንዷ ከሁሉም የምትበልጠው ነበረች። ገንዘቡን የላከችው ልጅ እንኳ ለጓደኞቿ ምን እንደምትል ጨንቋት ነበር፤ እኔ በየወሩ የባንክ ደብተሩን ፎቶ አንስቼ እየላክሁላት ነው ስሟ የተረፈው።

2ኛ. ይህ ሁሉ የመጣው ምዝገባችን ስለዘገየ ነው፤ ምዝገባችን የዘገየው ደግሞ የተሳሳተ በር ስላንኳኳን ነው። ከፊትህ የሚጠብቅህ ይኸው ነውና ልብ በል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ውስጥ የሚሠራ ድርጅት የሚመዘገበው በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። (ሐረር ብትሆኑ ኖሮ፣ ሥራችሁም እዚያው ብቻ ከሆነ፣ ወደ ክልሉ ነበር የምትሄዱት።) እኛ አንድ የከተማችን ቢሮ ደጃፍ ስምንት ወር ተመላለስን። «ቲቸር፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» «ቲቸር፣ ፋይሉ ጠፍቷል፣ ድጋሚ አምጪ።» መቶ ሰው አስፈርሙ ተባልን፣ አስፈረምን። በአዋጁ ግን ማኅበር ለመመሥረት አምስት አባል ይበቃል፤ በቦርድ የሚመራ ድርጅት ከሆነ ሁለት መሥራች። አንድ ቀን ሥራችንን ያዩልን ብዬ ስድስት ልጆች ይዤ ሄድኩ፤ በዚያ ሙቀት የተዋሱትን የባህል ልብስ ለብሰው። ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ «ጭፈራ ነው? ቢያጠኑ አይሻላቸውም?» አላቸው። ከስድስቱ አራቱ ከክፍላቸው ከአንድ እስከ አምስት የሚወጡ ናቸው። አንዱ ልጅ ሲመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀሰ። ይህን መቼም አልረሳውም። የሰጡን የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ በድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ ባንክ በማኅበር ስም አካውንት አይከፍትም።

በኋላ ትክክለኛውን ቦታ ስንደርስ መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ጉባኤና የመሥራቾች መታወቂያ አሟልተን አስገባን፤ አዋጁ ያስቀመጠው 30 ቀን ሳይሞላ ሰርተፊኬታችንን አገኘን። ሰርተፊኬቱን ይዤ የወረድኩ ዕለት ልጆቹ ለገሃር ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ።

3ኛ. ሰርተፊኬቱ እስኪመጣ ምን እንብላ እንዳትለኝ። ከላኪዎቻችሁ ብር አትቀበሉ፤ «ጨርቅ ግዙልን፣ ለሰፊው በቀጥታ ክፈሉልን» በሏቸው፣ ደረሰኙን ያዙ። ብሩን በዕድር አካውንት አስገቡ የሚላችሁም ይኖራል። ዕድርና ዕቁብን አዋጁ አይመለከታቸውም፣ እውነት ነው፤ ግን ለቀብር ከተዋጣ ገንዘብ ጋር የልጆችን ገንዘብ መቀላቀል ጠብ ያመጣል። የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎች እንቢ ብለውኛል፣ ያኔ ተቀይሜ ነበር፣ አሁን አመሰግናቸዋለሁ። በምትኩ ድንኳንና ወንበር አዋሱን። 11 ወር ሙሉ ያቆየን ያ ነው፤ ሠርግ ላይ እየሠራን፣ በተሸለምነው ገንዘብ ሻይና ሳምቡሳ ለልጆቹ እየገዛን። የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድኑ አፍረን ቀሎም በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬ ሲነሳ፣ ዓሊ ቢራ ገና ልጅ ሆኖ ሲገባበት፣ መድረኩ የሰው ሠርግ ነበር። ስለዚህ ሠርግ ላይ መሥራት ያሳንሰናል የሚሉ ልጆች ካሉህ ይህን ንገራቸው።

ትልልቆቹን ፈንዶች አሁን አትንኳቸው። የዩኔስኮ የባህል ብዝኃነት ፈንድ እስከ 100 ሺህ ዶላር ይሰጣል ብሎ አንድ ሰው አስጎምጅቶን ሁለት ወር ፕሮፖዛል ስንጽፍ ልምምድ ቆመብን፤ ሰርተፊኬትም የሥራ ታሪክም ሳይኖረን።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አዋጁ ለአስተዳደር ወጪ ከገቢያችሁ ከ20 በመቶ በላይ አይፈቅድም። የቤት ኪራዩ የት እንደሚመዘገብ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ እኛ በመጀመሪያው ሪፖርት ተቸግረንበታል።

የደንባችንን ኮፒ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። ስለ ፈራሚዎች የሚለውን አንቀጽ ግን እንዳለ ውሰደው፤ «ፈራሚ ከአገር ከመውጣቱ በፊት ፊርማውን ያነሳል፤ ሳያነሳ ከወጣም ጠቅላላ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ይተካዋል» ይላል።