ጠባሳዬ እየዳነ ነው ወይስ እየባሰበት?

ጥያቄ፦ የዛሬ ሦስት ወር ክንዴ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ነበር። ስፌቱ ሲወጣ ጠባሳው ቀጭን መስመር ነበር። አሁን ግን ጉብ ብሎ ጠቁሯል፤ ያሳክከኛልም። በየቀኑ በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ አንድ ቀን የተሻለው ይመስለኛል፣ በማግስቱ ደግሞ የባሰበት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁስል ሳጥብና ሳሽግ የኖርኩ ነርስ ነኝ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው ልክ እርስዎ ባሉበት ወር ላይ ነው። ቁስሉ ከላይ ቢጠግግም ከሥር ሥራው አላለቀም። ሰውነት መጀመሪያ ቆዳን አጠንክሮ የሚይዘውን ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን በጥድፊያ ይከምረዋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ እያፈረሰ መልሶ ያሰልፈዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጉብ ማለቱና መጠንከሩ የተለመደ ነው። እስኪረጋ ከ12 እስከ 18 ወር፣ አንዳንዴም 2 ዓመት ይፈጃል።

የየቀኑን ፎቶ እባክዎ ይተዉት። ከቀን ወደ ቀን የሚለዋወጠው ብርሃኑ እንጂ ጠባሳው አይደለም። በወር አንድ ጊዜ፣ እዚያው መስኮት አጠገብ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያለ ፍላሽ፣ ማስመሪያ ከጎኑ አድርገው ያንሱት። አንዱን ፎቶ ከላይ፣ ሌላውን ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍበት ያንሱ፤ ጉብታውን የሚያሳየው ጥላው ነው።

ፎቶ የማይነግርዎትም አለ። በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ልስላሴውን ይፈትሹ፤ የማሳከኩን መጠን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ሰጥተው ከቀኑ ጋር ይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የቫንኩቨር የጠባሳ መለኪያም ከቀለምና ከከፍታ ጋር ልስላሴን ይመዝናል።

እኔ ከሁሉ የምተማመነው ግን በድንበሩ ነው። ጥርት ያለ የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ ጠባሳው ላይ አድርገው ዳር ዳሩን በቀጭን ብዕር ይከተሉ፤ ቀን ይጻፉበት። የራሴን የጉልበት ጠባሳ የነደፍኩባቸው አምስት ላስቲኮች እስካሁን አሉኝ፤ ደርቤ ወደ ብርሃን ሳነሳቸው መስመሮቹ እርስ በርስ ይገጥማሉ። ጉብ ያለ ጠባሳ በቁስሉ ድንበር ውስጥ ከቆየ ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ይሟሽሻል። ድንበሩን አልፎ ጤናማውን ቆዳ መውረር ከጀመረ ግን ኬሎይድ ሊሆን ይችላል፤ ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ ደግሞ ይበረታል። እሱ በራሱ አይጠፋም፤ ሳያድግ ቢታከም ይሻላል።

እስከዚያው ከፀሐይ ይሸፍኑት። የሲሊኮን ልጣፍ ካገኙ በቀን ቢያንስ ለ12 ሰዓት፣ ለሁለት ሦስት ወር ያድርጉበት። የሚቀጥለው ወር መስመር ካለፈው ወጣ ካለ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ፤ ላስቲኮቹንም ይዘዋቸው ይሂዱ።