ያለ ዳታ በስልካቸው ቴሌቪዥን ለማየት መቀበያ ሊገዙ ላሰቡት ወንድም

ወንድሜ፣ ዋሽንግተን ውስጥ በፓርኪንግ ዳስ ሲሠሩ ዳታው አልበቃ ስላለዎት፣ በአየር ላይ በነጻ የሚሰራጨውን ቴሌቪዥን በስልክዎ ለማየት የትኛው መቀበያ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም በዚያው ሥራ ስድስት ዓመት ቆይቼ፣ በዚሁ ጉዳይ 89 ዶላር ከነክብሬ ስላጣሁ፣ የደረሰብኝን ልጻፍልዎ።

አንደኛ፣ የሚፈልጉት ቻናል በየትኛው ሞገድ እንደሚተላለፍ ሳያጣሩ አይግዙ። እኔ የተቃጠልሁት እዚህ ላይ ነው። በአንድሮይድ ስልክ የቻርጀር ቀዳዳ ላይ የምትሰካ፣ አንቴናዋ ከመሐል ጣቴ ብዙም የማይረዝም መቀበያ ገዛሁ። የከተማው ቻናሎች 4 እና 5 ቁጥር ወዲያው ገቡ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የአርጀንቲናንና የፈረንሳይን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በ5 ቁጥር ስከታተል፣ የጎረቤት ጋራዥ የአገር ልጆች ዳሴን ሞልተውት ነበርና ያን ዕለት የኮራሁትን ኩራት እኔ ነኝ የማውቀው። የማታ ዜና የምወድባቸው 7 እና 9 ግን «ሲግናል የለም» ከማለት በቀር ወይ ፍንክች አሉ። ሁለቱ ጣቢያዎች የሚያሰራጩት ቪኤችኤፍ በሚባለው ረዘም ያለ ሞገድ ስለሆነ የሞገዳቸው ርዝመት 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንቴናው የዚህን ሩብ፣ ማለትም ወደ 40 ሳንቲ ሜትር፣ መሆን ይፈልጋል። ዩኤችኤፍ በሚባለው አጠር ያለ ሞገድ ለሚመጡት 4 እና 5 ግን 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። በኪስ ለሚያዝ ስልክ የ40 ሳንቲ ሜትር በትር የሚተክል ፋብሪካ ከየት ይመጣል?

ዕቃውን ልመልስ ስሄድ (ፍጻሜውን ካየሁበት በኋላ መሆኑ እንደሚያስቅ አልክድም) የሱቁ ሠራተኛ ካርቶኑ ተከፍቷል ብሎ ከመከልከሉም በላይ፣ ሰልፈኛ ሁሉ እየሰማ «ስልክህ አሮጌ ስለሆነ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ስልኬ የአራት ወር ዕድሜ ነበረው።

ሁለተኛ፣ እየተንቀሳቀሱ ለማየት አያስቡ። እዚህ አገር እስካሁን የሚሠራበት መደበኛ ስርጭት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጸድቅ የታሰበው ለጣሪያ አንቴና በመሆኑ፣ ከሕንጻና ከተሽከርካሪ እየነጠረ የሚመጣውን ሞገድ መቋቋም ያቅተዋል። እኔ ቁጭ ብዬ እንኳ፣ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር የዜና አንባቢዋ ፊት ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይበታተን ነበር። ጃፓኖች ከስርጭታቸው 13 ክፍሎች አንዱን ለስልክ መድበው እ.ኤ.አ. በ2006 ጀመሩ። እዚህ ግን ፍሎ ቲቪ የተባለው የክፍያ አገልግሎት በ2007 ተጀምሮ በ2011 ተዘጋ፤ ሞገዱም ዳታ ለሚሸጥ የስልክ ኩባንያ ተሸጠ።

ሦስተኛ፣ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ በኩል የሚተላለፈው «ኔክስትጄን ቲቪ» (ATSC 3.0) የተባለው አዲሱ ስርጭት ለእንቅስቃሴ የተሻለ ነው ብለው ይነግሩዎታል፤ እውነት ነው። ሆኖም በዚህ አዲስ ስርጭት ብዙ ጣቢያዎች ምስላቸውን ስለሚቆልፉ፣ መቀበያው መክፈቻ ፈቃድ እንዳለው ሻጩ በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ።

እኔ በመጨረሻ ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀልሁትን ተሳቢ አንቴና በማግኔት ከዳሱ የብረት ጣሪያ ላይ አቁሜ 9 ቁጥርን አስገባሁ፤ 7 ቁጥር የምትመጣው የጋራዡ በር ሲከፈት ነው። ዳስዎ ከመሬት በታች ከሆነ ግን ምንም አይግዙ፤ እኔ ወደ ታችኛው ፎቅ በተዛወርሁበት ወር 4 ቁጥርም ጠፍታብኛለች።