ያቺ ቢጫ ጠመዝማዛ መስመር

ልጆች፣

ስልካችሁ ላይ ኢሞጂ ስትፈልጉ እስከ ምልክቶቹ ድረስ ውረዱ። በብዙ ስልኮች ከማስጠንቀቂያዋ ሦስት ማዕዘን አካባቢ አንዲት ቢጫ መስመር አለች፦ 〽️። ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ እንደገና ሽቅብ። አንዳንዱ የበርገር ቤት "ኤም" ናት ይላል። ሌላው የአክሲዮን ገበያ ናት ይላል። እኔም ከሁለተኞቹ ነበርኩ።

ሠላሳ ዓመት ገደማ በግራፊክስና በኅትመት ሥራ ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ ደንበኛ የሽያጭ ሪፖርት ስሠራ፣ "ሽያጫችን አደገ" ከሚለው ርዕስ ፊት ይቺን ምልክት ደነቀርኳት። ወደ ላይ ትወጣ የለ! ደንበኛውም ወደዳት። ከደንበኛው እንግዶች አንዱ ግን ጃፓናዊ ነበር። ገጹን ገልጦ ፈገግ አለና "ዘፈኑ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው?" አለኝ። የገባኝ መስዬ ሳቅኩ። ምልክቷን መሳሳቴስ ይሁን፤ ያ ሳቅ ነው እስካሁን የሚያሳፍረኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ፈለግኩ። ጃፓኖች ኢዮሪተን ይሏታል። ኢዮሪ ጎጆ ነው፤ ባሕታዊ የሚኖርባት ዓይነት ትንሽ ጎጆ። ልብ ብላችሁ እዩዋት፣ ጣሪያ ትመስላለች። ዋና ቤቷ የኖ ቲያትር ነው። ኖ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በካንአሚና በልጁ በዜአሚ እጅ መልክ የያዘ፣ ጭምብልና ዜማ ያለበት የመድረክ ጥበብ ነው። ዋናው ተዋናይ ሺቴ ይባላል፣ አጋሩ ዋኪ። ከጎን ደግሞ ብዙውን ጊዜ 8 ተቀባዮች ይቀመጣሉ። ዜማው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ይሻገራል። በዜማ መጽሐፋቸው ላይ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ይቺ ጎጆ ከራሱ ላይ ቁጭ ብላ "ከዚህ ጀምር፣ ተራህ ነው" ትላለች። ዛሬም በተራ ጽሑፍ መሐል የዘፈን ግጥም ሲጠቅሱ ከፊቱ ያደርጓታል።

(ድፋትና ሒደት የሚባሉትን የቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክቶች ያጠና የቆሎ ተማሪ ይሄ ላይደንቀው ይችላል። የኛዎቹ ግን ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ ነው የሚነግሩት። ይቺ ስለ ድምፁ ምንም አትልም።)

ኢሞጂ ራሱ የመጣው ከጃፓን ሞባይሎች ነው፤ እሷም አብራ መጣች። ዩኒኮድ የሚባለው የፊደላት መዝገብ በፈረንጆቹ 2002 መዝግቧት ነበር፤ በ2015 ከኢሞጂዎቹ ዝርዝር ገባች።

በርገር ቤት ስትቀጣጠሩ ብትልኳት ማንም አይከሳችሁም። ጓደኛችሁ ከገባው አለቀ። ሎጎ ወይም ፖስተር ላይ ከማስገባታችሁ በፊት ግን ስሟን ፈልጉ። ምልክቱን ኮፒ አድርጎ መፈለጊያው ላይ መለጠፍ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰው የማይገባችሁን ነገር ሲላችሁ ደግሞ እንደኔ አትሳቁ። "ምን ማለትህ ነው?" በሉት። ያ እንግዳ ብጠይቀው ደስ ብሎት ያስረዳኝ ነበር።

አሁን በቤተሰብ ግሩፓችን ለልደት በድምፅ ስንዘፍን፣ ከተረኛው ስም ፊት እሷን አስቀምጣለሁ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ቀን "ጋሼ፣ በርገር ልትጋብዘን ነው?" አለችኝ። አስረዳኋት። በተራዋ ዘፈነች። በርገሩን ግን እስካሁን አልረሳችልኝም።