ሶስት ሰው፣ አንድ ኪቦርድ

ሰላም እህቴ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ አይሲፒሲ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሶስት ሶስት ሆነው የሚወዳደሩበት የፕሮግራሚንግ ውድድር) ስታይል የልምምድ ውድድር አለብን፣ ለየብቻ ጎበዞች ነን አብረን ስንቀመጥ ግን 5 ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን 2 ጥያቄ ብቻ ፈታን፣ ተጨማሪ አልጎሪዝም እናጥና ወይ፣ ለስራስ ይጠቅመኛል ወይ ነው ያልሽኝ። አልጎሪዝሙ ይቆይ፣ የናንተ ችግር ኪቦርዱ ነው።

አስቢው፣ ለሶስት ሰው አንድ ኮምፒውተር ነው ያለው። አንዱ ኮዱ አልሰራ ብሎት ስክሪን ላይ አፍጥጦ 40 ደቂቃ ከተቀመጠ ሁለቱ መልሱን ይዘው ተመልካች ሆኑ ማለት ነው። እና ህግ አውጡ፣ ወረቀት ላይ ያልጨረሰ ሰው ኪቦርድ አይነካም፣ ሮንግ አንሰር (ኮድሽ የሰጠው መልስ ተሳስቷል የሚል ውጤት) የመጣበት ደግሞ ኮዱን ፕሪንት አድርጎ ተነስቶ በእስክሪብቶ ስህተቱን ይፈልግ። መጀመሪያ ላይ ያጣላችኋል፣ በተለይ "አንዴ ቆይ ጨረስኩ" የሚል ካለ (እሱ ደግሞ ከየትም ቲም አይጠፋም)።

ሌላው ቅደም ተከተል ነው። ደረጃ የሚወጣው በተፈታ ጥያቄ ብዛት ነው፣ እኩል ከሆናችሁ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ በስንተኛው ደቂቃ እንደተፈታ ይደመርና ትንሽ ያለው ይበልጣል። 10 ደቂቃ የሚፈጀውን አስቀድማችሁ 40 የሚፈጀውን ብታስከትሉ 10 እና 50፣ 60 መጣ፤ ብትገለብጡት 40 እና 50፣ 90! የለፋችሁት ግን ያው ነው። ስለዚህ ገና ሲጀመር ጥያቄዎቹን ተካፍላችሁ ሁሉንም አንብቡ፣ ቀላሉ መጨረሻ ገፅ ላይ ሊሆን ይችላል። የተሳሳተ ሰብሚሽን (ተልኮ ስህተት የሆነ ኮድ) ድምሩ ላይ 20 ደቂቃ ያስጨምራል፣ ግን ጥያቄው በኋላ ከተፈታ ብቻ ነው፣ ያልተፈታ ላይ አይቆጠርም፣ እና መጨረሻ ላይ ፈርታችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ።

ከመላካችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። ባለ 32 ቢት ኢንት (ኮድ ውስጥ ሙሉ ቁጥር የሚያዝበት አይነት) ከ2147483647 በላይ አይዝም፣ እና 100000 ቁጥር ላይ ድርብ ሉፕ (ሉፕ ውስጥ ሌላ ሉፕ) ማለት 10 ቢሊዮን ዙር ነው፣ ታይም ሊሚት (ኮዱ ሮጦ እንዲጨርስ የተፈቀደለት ጊዜ) ይበላችኋል።

ውድድሩ እንዳለቀ ደግሞ ያልፈታችሁትን በማግስቱ ቁጭ ብላችሁ ፍቱ፣ እኔ እንደማየው ሰው የሚያድገው እዛ ጋ ነው፣ ብዙው ግን ውጤቱን አይቶ ላፕቶፑን ዘግቶ ይሄዳል።

ለስራውማ፣ ኢንተርቪው ላይ እያሰብሽ ጮክ ብለሽ ማስረዳት ይጠበቅብሻል፣ ለቲምሽ ሀሳብሽን በ2 ደቂቃ ማስረዳት ከለመድሽ እሱ አይከብድሽም። ሲቪሽ ላይ ግን "ተሳትፌያለሁ" ብቻ ብለሽ እንዳትተይው፣ ከስንት ጥያቄ ስንት እንደፈታችሁና ያንቺ ድርሻ የቱ እንደነበር ፃፊ።