አንድ ጾም፣ አራት ሳህን

ጥያቄ፦ መምህር፣ ፍልሰታን አራታችንም እንጾማለን። ማዕድ ላይ ግን አንገናኝም። ትንሿ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ እኔ ከሥራ ስገባ፣ ባለቤቴ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁላችንም ለየብቻችን አቅርበን እንበላለን። ትልቁ ልጄማ ሳህኑንና ስልኩን ይዞ መኝታ ቤት ይገባል። «አብረን እንብላ፣ አብረን እንጸልይ» ስል ባለቤቴ «ጾም በስውር ነው የተባለው» ይለኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ቃሉ አለ፤ ማቴዎስ 6 ላይ ነው። ጌታ የነቀፈው ግን ለሰው ለመታየት ብለው ፊታቸውን የሚያጠወልጉትን ነው። የግል ጾም አለ፣ የዐዋጅ ጾም አለ። የንስሐ አባትሽ የሰጡሽ ቀኖና በአንቺና በእሳቸው መካከል ይቀራል። ፍልሰታ ግን ከሰባቱ የዐዋጅ አጽዋማት አንዱ ነው፤ በዐዋጅ የተጠራ ደግሞ ተሰብስቦ ነው የሚጾመው። ኢዮኤል (2፥15-16) ጾም ይታወጅ ካለ በኋላ ሽማግሌውም፣ ጡት የሚጠባው ሕፃንም ይሰብሰብ ይላል።

የፍልሰታ ታሪክ ራሱ ለአንቺ ይፈርዳል። ቶማስ የእመቤታችንን ዕርገት አይቶ ሰበኗን (የተገነዘችበትን ጨርቅ) ይዞ ሲመጣ፣ ሌሎቹ ሐዋርያት «እሱ ያየው ለእኛ እንዴት ይቅርብን» ብለው በዓመቱ ነሐሴ 1 በአንድነት ሱባኤ ገቡ፤ በ16ኛውም ቀን የለመኑትን አዩ። ለልጆችሽ ይህን ንገሪያቸው። ስትነግሪያቸው ግን እንደ ጨዋታ ይሁን። ዘዳግም 6፥7 በቤትህ ስትቀመጥ «ተጫወተው» ይላል እንጂ «ተቆጣበት» አይልም።

እንግዲህ በየቀኑ አብረን ካልበላን አትበይ፤ በሦስተኛው ቀን ይሰለቻችኋል። ቅዳሜና እሑድን ያዢ። ቅዳሴው ጠዋት ስለሚያልቅ ማንም ሳይራብ አንድ ትሪ መክበብ ይቻላል። ሹሮም ይሁን የሱፍ ፍትፍት፣ ነገሩ በአንድ ትሪ መሆኑ ላይ ነው፤ በየሳህኑ ከተቀዳ ሁሉም ወደየክፍሉ ይሄዳል። «አባታችን ሆይ»ን ትንሿ ታስጀምር። ብትሳሳትም አታርሟት፣ አብራችሁ ስትሉ ይስተካከላል። ትልቁን ጎትተሽ አታውጪው፣ ሥራ ስጪው። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በአማርኛ ያንብብላችሁ፤ መጽሐፉን ካልወደደ ከዚያው ከስልኩ ያንብብ። (አንዳንድ ወንድሞች በዚህ ይቆጡኛል፤ እኔ ግን ሳያነብ ከሚቀር ከስልክ ቢያነብ ይሻለኛል።) ነሐሴ 13 ቡሄ ስለሆነ ሙልሙሉን ከዋዜማው አብራችሁ ድቦልቡሉት። የአንዱ ሙልሙል ጠማማ ይወጣል፣ ያንንም ጋግሩት።

ማታ ሦስት ሰዓት የሚገባ አባትን በተመለከተ እኔም ከጉባኤ የምመለሰው ልጆቼ ከተኙ በኋላ ስለሆነ በባለቤትሽ ላይ መፍረድ ይከብደኛል። በአዘቦት ቀን ልጆቹን በረሃብ አታቆዪአቸው። ይብሉ። ትልቁ ግን አባቱ እስኪገባ ይንቃ፣ እጁን ያስታጥበው፣ ከጎኑ ተቀምጦም አንድ ጉርሻ ይቀበል።