«ለድመት ነው ይህ ሁሉ?» ከማለታችን በፊት

ያኔ የእንግሊዙ እግር ኳስ ክለብ ዌስትሃም ተከላካይ የነበረው ኩርት ዙማ የቤቱን ድመት በእግሩ ሲለጋ፣ ጫማ ሲወረውርባትና በጥፊ ሲላት የሚያሳየው ቪዲዮ የወጣው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2022 ነው። ቀርጾ ስናፕቻት ላይ የለቀቀው ወንድሙ ነበር። ጉዳዩ በጋዜጣ በወጣ ማግስት አሰልጣኙ ዴቪድ ሞይስ ለዋትፎርዱ ጨዋታ አሰለፈው። ኳስ በነካ ቁጥር የተጋጣሚው ደጋፊ ብቻ ሳይሆን የገዛ ቡድኑም ደጋፊ ጮኸበት። አዲዳስ ውሉን አቋረጠ። ክለቡ የሁለት ሳምንት ደመወዝ፣ እስከ 250,000 ፓውንድ፣ ቀጣው። ድመቶቹ ተወሰዱ። ጁን 1 ቀን ደግሞ ፍርድ ቤት 180 ሰዓት ያለ ክፍያ እንዲሠራ፣ ለ5 ዓመትም ድመት እንዳይኖረው ፈረደበት። ካሜራ የያዘው ወንድሙም አልቀረለትም፤ በማገዝ ተከሶ 140 ሰዓት ተበየነበት።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣ በእኛ ሰው ዘንድ ቶሎ የሚሰማው «ሰው እየሞተ ለድመት ነው ይህ ሁሉ?» የሚል ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም። የዙማ የቡድን ጓደኛ ሚካይል አንቶንዮም ለጋዜጠኞች «ያደረገው ከዘረኝነት የከፋ ነው?» ብሎ ጠይቋል፤ ዘረኛ ስድብ የተሳደቡ ተጫዋቾች ተቀጥተው ወደ ሜዳ ሲመለሱ ያየ ሰው መጠየቁ አይገርምም። ግን ጥያቄው ለዙማ የጠቀመው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ይልቁንም ወሬውን አስረዘመው። ምክሬም እዚህ ላይ ነው። ውጭ አገር ለምትኖሩ ይህ ቁጣ የማኅበራዊ ሚዲያ ትኩሳት አይደለም፤ ከኋላው ሕግ፣ አሠሪና የመኖሪያ ፈቃድ አለ። ልክ ነው አይደለም ብላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት እንዴት እንደሚሠራ እወቁ።

ሥሩ ረጅም ነው። እንግሊዝ ከብትን ከጭካኔ የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው በ1822 ነው፤ ዛሬ አርኤስፒሲኤ የሚባለው ማኅበር በ1824 ተቋቋመ። ልጆችን ከጥቃት የሚከላከለው ብሔራዊ ማኅበር የመጣው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። በኒውዮርክም የእንስሳቱ ማኅበር በ1866 ተመሥርቶ የሕፃናቱ የተከተለው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ «ከሰው እንስሳ አስበለጡ» የሚለው ትዝብት ራሳቸውም ያሉት አሮጌ ክርክር ነው፤ የሥራ ባልደረባችሁ ፊት ብታነሡት አዲስ ነገር አትነግሩትም።

አሜሪካ ላላችሁ፣ በተለይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ለምትኖሩ፣ መታወቅ ያለበት የማይክል ቪክ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የአትላንታ ፋልከንስ ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራ ኳስ አቀባይ፣ ነበር፤ በ2004 መጨረሻ የ10 ዓመት፣ የ130 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመ ሰው። ኤፕሪል 2007 ፖሊስ በአደንዛዥ ዕፅ የጠረጠረውን ዘመዱን ሲከታተል ቨርጂኒያ፣ ሰሪ ካውንቲ የሚገኘውን የቪክን ቤት ፈተሸ፤ ግቢው ውስጥ ከ60 በላይ ውሾች ተገኙ። የውሻ ውጊያ የሚካሄድበት ቤት ነበር፤ ደህና ያልተዋጉትን ሰቅለውና ውሃ ውስጥ ደፍቀው ይገድሏቸው ነበር። ዲሴምበር 2007 ላይ 23 ወር እስራት ተፈረደበት፤ ለውሾቹ ማቆያ ወደ 928 ሺህ ዶላር እንዲያስይዝ ታዘዘ። ናይኪ ተወው፤ በ2008 ኪሳራ አወጀ።

ከዚህ ፍርድ ለእኛ የሚጠቅመው 23 የሚለው ቁጥር ነው። ከዓቃቤ ሕግ ጋር የተስማማው ከ12 እስከ 18 ወር ለሚደርስ ቅጣት ነበር። ዳኛው ሄንሪ ሃድሰን ጨመሩበት፤ ምክንያቱም ቪክ ለሊጉ ኃላፊና ለቡድኑ ባለቤት «እኔ የለሁበትም» ብሎ ዋሽቶ ነበር፣ ውሾቹን በመግደል ያለውን ድርሻም ለመርማሪዎች አሳንሶ ተናግሯል፤ በዋስ ላይ ሳለ ማሪዋና ማጨሱም በምርመራ ታየ። አብረውት ከተከሰሱት አንዱ አስቀድሞ አምኖ ከመርማሪዎች ጋር ተባበረና 2 ወር ብቻ ተፈረደበት። ሰው ፊት የመለሰውም በኋላ ያደረገው ነው፤ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ የውሻ ውጊያን አወገዘ፣ 2009 ላይ የፊላደልፊያ ቡድን ወሰደው፣ 2011 ላይ ናይኪ መልሶ አስፈረመው። ሆኖም ዛሬም ስሙ ሲነሣ ውሾቹ ይነሣሉ።

ከቪክ ወዲህ ሕጉ ጠንክሯል። ከ2014 ጀምሮ ሃምሳውም ስቴቶች ከባድ የእንስሳ ጭካኔን እንደ ከባድ ወንጀል፣ እነሱ ፌሎኒ በሚሉት ደረጃ፣ ይቀጣሉ፤ ኤፍቢአይም ከ2016 ጀምሮ ለብቻው መዝግቦ ይይዘዋል። የውጊያ ተመልካች መሆን ብቻውን የፌደራል ወንጀል ነው፤ ከ16 ዓመት በታች ልጅ ይዞ መሄድ እስከ 3 ዓመት ያስቀጣል። በቨርጂኒያ ከ2019 በፊት በቤት ውሻና ድመት ላይ ለሚፈጸም ጭካኔ ከባዱ ክስ የሚመጣው እንስሳው ከሞተ ነበር፤ ዛሬ ከባድ ጉዳት ይበቃል፣ ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት ይደርሳል።

ውሻ ላዋጋ ብሎ የሚነሣ አበሻ ብዙ አይመስለኝም። እኛን የሚያስጠይቀን ሌላ ነው፤ አገር ቤት እንደ ጭካኔ የማይቆጠር አያያዝ። ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቅ፣ ፍርፋሪ የሚጣልለት፣ ሲታመም «ራሱ ይድናል» የሚባል የጊቢ ውሻ እዚህ ክስ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ውሻ ውጭ ታስሮ መተው የአየሩ ሙቀት 0 ዲግሪና ከዚያ በታች፣ ወይም 29 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ሲሆን በመርህ አይፈቀድም። ጀርመን ውስጥ ውሻ እንደ ዘሩ፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ጤናው በቂ ጊዜ ውጭ መንቀሳቀስ አለበት። ስዊድን ቀን ቀን ቢያንስ በየ6 ሰዓቱ እንዲወጣ ታዛለች። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቶ ማታ 4 ሰዓት የሚገባ ከሆነ፣ ውሻ ለመያዝ ጊዜ የለውም ማለት ነው። ልጆቹ ቢያለቅሱም እምቢ በሉ።

መኪና ውስጥ መተው ሌላው ነው። ውጭ 24 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ወደ 34፣ በግማሽ ሰዓት ወደ 43 ይደርሳል። መስኮት በጣት ስፋት መክፈት ለውጥ የለውም። «ለአምስት ደቂቃ ነው» ብሎ እንጀራ ሊገዛ የገባ ሰው ወረፋ ይይዘዋል፤ ሲወጣ ስልክ የደቀነ አላፊ አግዳሚና ፖሊስ ይጠብቁታል።

ምግቡን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። የተረፈ ወጥ ለውሻም ለድመትም አትስጡ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሁለቱንም ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ቢበስልም ያው ነው። ለድመት በኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ሽንኩርት ሊመርዛት ይችላል። አራት ኪሎ ለምትመዝን ድመት 20 ግራም ማለት ነው፣ አንድ ጭልፋ ቁሌት ውስጥ የማይጠፋ መጠን። ለውሻ በኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ነው። ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይደክማል። ያኔ ሐኪም ዘንድ ሳትወስዱት ብትቀሩ ጥፋቱ ከመመረዝ ወደ ቸልተኝነት ይዞራል። የዶሮ ወጥ አጥንትም የበሰለ ስለሆነ ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

ክትባትና ምዝገባ በጊዜው ይሁን። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ አራት ወር የሞላው ውሻም ድመትም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊኖረው ይገባል። እንግሊዝ ላላችሁ ከጁን 2024 ጀምሮ ድመት 20 ሳምንት ሳይሞላት ማይክሮቺፕ፣ ከቆዳ ሥር የሚገባ የባለቤት መለያ፣ ይደረግላታል፤ ያለዚያ ቅጣቱ እስከ 500 ፓውንድ ነው። ኤክስኤል ቡሊ የሚባለውን ውሻ ያለ ፈቃድ መያዝም በእንግሊዝና በዌልስ ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ወንጀል ሆኗል፤ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትግዙ። ማሳደጉ ካቃታችሁ የከተማውን መጠለያ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙና አስረክቡ። ጫካ ወይም መናፈሻ ወስዶ መልቀቅ ወንጀል ነው፤ ቺፑ ደግሞ ስማችሁን ያወጣል።

ስለ በግ እንምጣ። ለፋሲካ፣ ለአረፋ፣ ለእንቁጣጣሽ ጋራዥ ወይም ጓሮ ውስጥ ማረድ አብዛኛው ከተማ ውስጥ በማዘጋጃ ቤት ደንብ የተከለከለ ነው፤ ጎረቤት በአጥር አይቶ ቢደውል የሚመጣው የእንስሳት ቁጥጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ በሃይማኖት ሥርዓት ማረድ በ1958ቱ የእርድ ሕግ ዕውቅና አለው፣ ስለዚህ ባርኮ ወይም ቢስሚላህ ብሎ የሚያርድ ቄራ ወይም እርሻ ፈልጉ። በጉ በቁሙ የናንተ ይሁን፤ ሥጋው ለቤተሰባችሁና ለማይከፍል እንግዳ ነው። ቅርጫ ከሆነ መዋጮው ከእርዱ በፊት ያልቅ፣ የባለ ድርሻዎቹም ስም ቄራው ዘንድ ይመዝገብ፤ ታርዶ ካደረ በኋላ በኪሎ ማከፋፈል ያልተመረመረ ሥጋ መሸጥ ነው። ጀርመን ውስጥ ሳያደነዝዙ ለማረድ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እዚያ ያላችሁ ያለ ፈቃዱ አትሞክሩ። በየትም ብትሆኑ ግን እርዱን ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ሥጋችሁ ሕጋዊ ቢሆን እንኳ በጉ ሲንፈራገጥ ልጆች ሲስቁ የሚያሳይ ሠላሳ ሰከንድ ለአሠሪያችሁ ይደርሳል።

የዙማ ነገር የተቀጣጠለው በድርጊቱ ብቻ ሳይሆን በልጅ ፊት በመሆኑና ለጨዋታ በመቀረጹም ጭምር ነው። ስለዚህ ስልክ ለያዙ ልጆቻችሁ በግልጽ ንገሩ፤ የቀረጸም ይከሰሳል። ዕቃ አድራሽ ሆናችሁ የምትሠሩም አስቡበት፤ አሁን በር ሁሉ ካሜራ አለው። ውሻ ሲመጣባችሁ አትሩጡ፣ በእግርም አትማቱ። ቁሙ፣ ቦርሳውን ወይም ካርቶኑን በእናንተና በውሻው መካከል ያዙ፣ ዐይኑን ሳታፈጡበት ወደ ኋላ ሂዱ፣ ዕቃውን ሳታደርሱ መመለሳችሁን እዚያው ሆናችሁ በመተግበሪያው መዝግቡ።

ሥራ ቦታ ወሬው ከተነሣ «ያሳዝናል» ብሎ ማለፍ ይበቃል። «እኛ አገር ውሻ እኮ…» ብላችሁ አትጀምሩ። በአማርኛ ስለጻፋችሁ ማንም አያነበውም ማለትም ቀርቷል፤ መተርጎሚያው አንድ ንክኪ ነው። ዘረኝነቱን አንሡ የምትሉ ከሆነ፣ መነሣት አለበት፣ ግን በጉዳዩ ማግስት ሳይሆን ሰው ሲረጋጋ፣ ድርጊቱን ቀድማችሁ ካወገዛችሁ በኋላ።

የእንስሳት ቁጥጥር ወይም ፖሊስ በር ካንኳኳ ስማችሁን ተናገሩ፣ መታወቂያቸውን ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ የፍርድ ቤት ማዘዣ ከሌላቸው፣ አጣዳፊ ነገርም ካልሆነ፣ ቤት የማስገባት ግዴታ የለባችሁም። የእንግሊዙ አርኤስፒሲኤ መርማሪ የፖሊስ ልብስ የሚመስል ለበሰ እንጂ በራሱ ሥልጣን ሊገባ አይችልም፤ የሚያደርግላችሁ ቃለ መጠይቅ ግን ለፍርድ ቤት ማስረጃ ስለሚሆን ያለ ጠበቃ አትግቡበት። ዝም ማለት መብት ነው፣ መዋሸት ግን ቪክን አምስት ወር አስጨምሮታል። እንስሳውን ዘመድ ቤት መደበቅም ሁለተኛ ክስ ነው። «ፈርሙና እንውሰደው» የሚሏችሁ ወረቀት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ሊሆን ይችላል፤ ከፈረማችሁ በኋላ መመለስ የለም። በቨርጂኒያ እንስሳ በኃይል ከተወሰደ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ችሎት አለ፤ ያችን ቀን አትለፏት። የክትባት ካርድ፣ የሐኪም ደረሰኝና ቀን ያለበት ፎቶ ይዛችሁ ቅረቡ።

ዜግነት የሌላችሁ ደግሞ ጥፋተኝነት ከማመናችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ2018 ዶሮ ማዋጋትን ሥነ ምግባርን ከሚያጎድፉ ወንጀሎች ቆጥሮታል፤ ይህ ምድብ ግሪን ካርድን የሚያናጋ ነው። ከ2010 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ የወንጀል ጠበቃችሁ ከአገር የመባረር አደጋ ካለ ሊነግራችሁ ግዴታ አለበት፤ ካልነገራችሁ ጠይቁት። በእንግሊዝ እስከ ጁን 2021 ድረስ የእንስሳ ጭካኔ ከፍተኛው እስራት 6 ወር ነበር፤ አሁን 5 ዓመት ነው። የውጭ ዜጋ 12 ወርና ከዚያ በላይ ከተፈረደበት የመባረር ሂደት ስለሚከተል ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻ ላይም የታሰራችሁበትን ብቻ ሳይሆን ክስ የተጻፈባችሁንም ይጠይቃል፤ ተዘግቶ ቢሆን እንኳ ጻፉት፣ የፍርድ ቤቱን የመዝጊያ ወረቀት ማኅተም ያለበትን ቅጂ ከማመልከቻው ጋር አያይዙ።